እንግሊዝን ከአውሮፓ ማን አስወጣት?

(ከዚህ በታች የምታነቡት በአንድ የንባብ ክበብ ወርኃዊ የውይይት መድረክ ላይ ያሰማሁት ንግግር ነው። ገጹ ስለጠበበ እዚህም እዚያም ቆርጬዋለሁ። «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዘመኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ሊቀመንበሩ ሲያስተዋውቁኝ «የእንግሊዝን ጉዳይ ጠንቅቆ የሚያውቅ» አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ልክ አይደለም። እኔ በዲፕሎማ ተመርቄ፣ በየጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ደጅ እየጠናሁ፣ በታተመልኝ ጽሑፍ ልክ የሚከፈለኝ ጋዜጠኛ ነኝ። ሲታተምልኝ ነው ታዲያ! ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ላስተምር ሳይሆን ያለብኝን ዕዳ ልከፍል ነው። ከዓመታት በፊት ስለ እንግሊዞች ሕዝበ ውሳኔ የጻፍኩት አንድ ጽሑፍ ስሕተት ነበረበት። ማስተካከያ ሳልጽፍ ቀረሁ። እነሆ ዛሬ በአፌ ላርመው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁን 23 ቀን 2016 ብሪታኒያ «በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እንቆይ ወይስ እንውጣ?» ብላ ሕዝቧን ጠየቀች። እኔ ያን ጊዜ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነኝ፤ ለንደን ላምቤዝ በሚባለው ክፍለ ከተማ አክስቴ ቤት ሶፋ ላይ አድራለሁ። አክስቴ ዜግነት ስለነበራት ድምፅዋን ሰጠች። እኔ አልሰጠሁም፤ አይፈቀድልኝማ! እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በዚያ ሕዝበ ውሳኔ ብሪታኒያ ውስጥ በሕግ የሚኖር የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ ሁሉ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። ኬንያዊው ይሰጣል፤ ናይጄሪያዊው ይሰጣል፤ ሕንዱም ይሰጣል። ለንደን ሃያ ዓመት የኖረው ፖላንዳዊ ግን አይሰጥም። ኢትዮጵያዊውም አይሰጥም። ለምን? እንግሊዝ ቅኝ አልገዛችንማ! አብሮኝ ሳሕን ያጥብ የነበረ ኬንያዊ «እናንተ በዐድዋችሁ ስትኮሩ ይኸው ድምፅ አጣችሁ» ብሎ ሳቀብኝ። ዐድዋ ላይ የተዋጋነው ከጣሊያን ጋር መሆኑን ላስረዳው ብሞክር ሳቁ አላስችል አለው።

ሌሊቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ስናይ አደርን። የመጀመሪያው ትልቅ ድንጋጤ የመጣው ከሰንደርላንድ ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለች የወደብና የመርከብ ሥራ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ትልቁ እንጀራዋ የኒሳን መኪና ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው መኪናውን በብዛት የሚሸጠው ደግሞ ለአውሮፓ ነው። ሰንደርላንድ 61.3 ከመቶ «እንውጣ» አለች! የፓውንድ ዋጋ ወዲያው ማሽቆልቆል ጀመረ፤ ሳይነጋ ከ1985 ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወረደ። ሲነጋ ድምሩ ታወቀ። 17,410,742 ሰው «እንውጣ»፣ 16,141,241 ሰው «እንቆይ»። 51.9 ለ48.1 መሆኑ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን በዚያው ጠዋት ሥልጣን እንደሚለቁ ተናገሩ። አክስቴ ቡና አፍልታ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ዝም ብላ ቀዳችልን።

እኔም በዚያው ትኩሳት ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ጽሑፍ ሰደድኩ። ርእሱ «የሰሜን ድኾች አገራቸውን ጎትተው አስወጧት» የሚል ነበር። ጥሩ ርእስ መስሎኝ ነበር። ፋብሪካ የተዘጋበት፣ ያልተማረ፣ የተናደደ የሰሜን ሰው የተማረውን ለንደን ቀጣው የሚል ነው በአጭሩ። ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አክስቴ ቤት አንድ ጋሼ የምላቸው ዘመዳችን መጡ። በለንደን ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሮምፎርድ ውስጥ የሚኖሩ፣ በሌሊት ጥበቃ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣

«አንተ፣ ጽሑፍህን ኢንተርኔት ላይ አየሁት» አሉኝ።

«እንዴት አገኙት ጋሼ?»

«ለመሆኑ ሮምፎርድ ሰሜን ነው?»

ዝም አልኩ። ሮምፎርድ ያለበት ሄቨሪንግ የተባለው ክፍለ ከተማ 69.7 ከመቶ «እንውጣ» ብሏል። ለንደን ውስጥ ነው! ከአክስቴ ቤት በባቡር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። አክስቴ ያለችበት ላምቤዝ ደግሞ 78.6 ከመቶ «እንቆይ» ነው ያለው። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ከንቲባ ሥር፣ ሁለት አገር!

«እኔም እንውጣ ብዬ ነው የመረጥኩት» አሉ ጋሼ። የአክስቴ የቡና ስኒ አየር ላይ ቀረ።

ምክንያታቸውን ልንገራችሁ፤ ቁጥር ውስጥ የማይገባ ነገር ነውና። ጋሼ ዜግነት ካገኙ ቆይተዋል። ባለቤታቸው ግን አዲስ አበባ ናቸው። ከ2012 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት ሚስቱን ወይም ባሏን ከአውሮፓ ውጪ የሚያስመጣ ሰው በዓመት ቢያንስ 18,600 ፓውንድ ገቢ ይኑረው የሚል ሕግ አወጣ። የጥበቃ ደመወዝ እዚያ አይደርስም። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ የሆነ ጎረቤታቸው ግን በኅብረቱ ሕግ ሚስቱን ያለዚያ ሁሉ ጣጣ አስመጣ። «እኔ ግብር ስከፍልበት በኖርኩበት አገር እሱ ትናንት መጥቶ ይበልጠኛል? ከወጡ ለሁሉም አንድ ሕግ ይሆናል» ነው ክርክራቸው። ይህ ሰው ያልተማረ አይደለም፤ ሰሜንም አይደለም፤ ዘረኛም ሊባል አይችልም። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ ግን ቦታ አልነበረውም።

በማግስቱ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ድረስ የማየው መቶኛውን ብቻ ነበር፤ አሁን የሰውን ብዛት ማየት ጀመርኩ። ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ 58 ከመቶ «እንውጣ» ብሏል፤ የሰው ብዛቱ ግን 778 ሺህ ገደማ ነው። ባለጸጋው፣ ለምለሙ፣ ባንክ የሚሠራው ሰው ቤት የሚገዛበት ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ከመቶው 51.8 ብቻ ነው «እንውጣ» ያለው። በሰው ሲቆጠር ግን ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ነው! ከየትኛውም ክፍለ አገር የበለጠ የ«እንውጣ» ድምፅ የተገኘው ከዚያ ነው። ለንደን ራሷ 59.9 ከመቶ «እንቆይ» ያለች ተብላ ስትወደስ አንድ ሚሊዮን ተኩል ነዋሪዋ «እንውጣ» ብሏል። ይህ ደግሞ በመላው ስኮትላንድ «እንውጣ» ካለው ሰው ይበልጣል። እንግዲህ ካርታው ሰማያዊና ቢጫ ሲቀባ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ይሰወራሉ። ካርታ መሬትን ነው የሚቀባው፤ መሬት ደግሞ ድምፅ አይሰጥም።

ታዲያ የቦታ ልዩነት የለም ማለት ነው? አለ እንጂ! በጣም አለ። እኔ የተሳሳትኩት ልዩነቱን በአንድ ምክንያት ልገላግለው ስለሞከርኩ ነው።

በዚያው ዓመት በመስከረም ገንዘብ ሲያጥረኝ ቦስተን ሄድኩ። የአሜሪካው ቦስተን አይደለም፤ ስሙን ለአሜሪካው ያወረሰው፣ በሊንከንሻየር ያለው ትንሹ ቦስተን ነው። መሬቱ እንደ ምጣድ የተንጣለለ ነው፤ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ድንች ይመረትበታል። እኔም ከአትክልት ማሸጊያ ገብቼ ጎመን ስጠቀልል ከረምኩ። ቦስተን 75.6 ከመቶ «እንውጣ» ብላ በመላ አገሪቱ አንደኛ የወጣች ነች። ከእኔ ጋር የሚሠሩት ሊቱዌንያውያን፣ ላትቪያውያንና ፖላንዳውያን ነበሩ። በ2004 ስምንት የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ኅብረቱን ሲቀላቀሉ ከነባሮቹ አባላት መካከል የሥራ ገበያቸውን ወዲያው የከፈቱት ብሪታኒያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ነበሩ። ቦስተን በጥቂት ዓመት ውስጥ መልኳ ተለወጠ። ያከራዩኝ አሮጊት ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ሻይ ሁሉ ያፈሉልኝ ነበር። እሳቸው የሚሉት ሐኪም ለማየት ወረፋው ረዘመ፣ አከራይ ሁሉ አንድን ቤት ለስድስት ሠራተኛ መከፋፈል ለመደ፣ ልጄ ቤት መከራየት አቃታት ነው። የውጭ ሰው በላምቤዝ ከቦስተን ይበዛል እኮ! ላምቤዝ ግን የለመደችው ነው፤ ቦስተን ድንገት ነው የመጣባት።

ይህን ይዤ ምክንያቱ መጤ ነው ልል ስል ደግሞ ዌልስ ታፈርሰኛለች። ብሌናው ግዌንት የምትባለው የዌልስ ወረዳ መጤ እምብዛም የማይታይባት ናት። ድንጋይ ከሰሉ ተዘጋ፤ ኤቡ ቬል የተባለችው ከተማዋ የብረት ፋብሪካ በ2002 ተዘጋ። ዌልስ ምዕራቡና ሸለቆዎቹ ከአውሮፓ ኅብረት ለድኻ ክፍለ አገሮች የሚሰጠውን ከፍተኛ ርዳታ ያገኙ ነበር። መንገድ ተሠራላቸው፣ የባቡር መስመር ተከፈተላቸው፣ የኮሌጅ ሕንፃ ቆመላቸው፣ የኅብረቱ ሰንደቅ ያለበት ሰሌዳ ተተከለላቸው። ብሌናው ግዌንት 62 ከመቶ «እንውጣ» አለች! «በልታ ከዳች» ብለው ለንደኖች ተሳለቁባት። እኔ ግን አይፈረድባትም እላለሁ። ፋብሪካ ለተዘጋበት አባት የመታሰቢያ ሰሌዳ ምን ይሠራለታል? በዚያ ላይ ከ2010 ጀምሮ መንግሥት በጀት ሲቆርጥ የወረዳዎቹ ቤተ መጻሕፍትና የወጣት ማዕከል ነበር ቶሎ የሚዘጋው። አሥር ጊዜ ድምፅ ሰጥተው ምንም ያልተለወጠላቸው ሰዎች አሥራ አንደኛው ላይ የሚለውጥ ወረቀት ሲያገኙ ምን ያድርጉ?

ከሁሉም ይልቅ ካርታውን በደንብ የሚፈታው ትምህርት ነው ይላሉ ያጠኑት። ዲግሪ ያለው በበዛበት «እንቆይ» ይበዛል። ካምብሪጅ ከተማ 73.8 ከመቶ «እንቆይ» አለች። በዚያው ካምብሪጅሻየር ውስጥ ያለችው የገበሬዎቹ ፌንላንድ ደግሞ 71.4 ከመቶ «እንውጣ»። አንድ ክፍለ አገር ነው ወገኖቼ! እኔ እንደ ባለ ዲፕሎማ በየትኛው በኩል እንደምቆጠር እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ብሪታኒያ አንድ አገር ብቻ አይደለችም፤ አራት ናት። እንግሊዝ 53.4፣ ዌልስ 52.5 ከመቶ «እንውጣ» አሉ። ስኮትላንድ 62፣ ሰሜን አየርላንድ 55.8 ከመቶ «እንቆይ» አሉ። ስኮትላንድ ካሏት 32 ወረዳዎች አንዱም እንኳ «እንውጣ» አላለም። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ስኮትላንዶች «እኛ ሳንፈልግ አስወጣችሁን!» ሲሉ እንግሊዞች «የተቆጠረው የአንድ አገር ድምፅ ነው» አሉ። ማነው ልክ?

ስኮትላንድ ከጥንት ጀምሮ አውሮፓ ወዳድ ናት የሚለውን ግን አትቀበሉ። በ1975፣ በሃሮልድ ዊልሰን ጊዜ፣ ይኸው ጥያቄ ተጠይቆ ነበር። ያን ጊዜ በመላ አገሪቱ 67.2 ከመቶ «እንቆይ» ሲል ከአራቱ የበለጠ አውሮፓን የወደደችው እንግሊዝ ነበረች፤ 68.7 ከመቶ። ስኮትላንድ 58.4 ነበር ያለችው፤ ሰሜን አየርላንድማ 52.1 ብቻ። በጠቅላላ አገሪቱ «እንውጣ» ያሉት ሁለት ቦታዎች ሼትላንድና የምዕራብ ደሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም ስኮትላንድ ውስጥ ያሉ! በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። ስለዚህ «የእገሌ ሕዝብ ተፈጥሮው እንዲህ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህችን ጥቀሱለት።

ሰሜን አየርላንድ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ድምፁ በአብዛኛው የተከፈለው በአሮጌው ጠብ መስመር ነው። ደሪ ከተማ ያለችበት ፎይል 78.3 ከመቶ «እንቆይ»፤ የፕሮቴስታንቶቹ ሰሜን አንትሪም 62.2 ከመቶ «እንውጣ»። የ1998ቱ የስቅለት ዓርብ ስምምነት ያቆመው ደም አለ፤ ሰላሙ የቆመው ደግሞ በሁለቱ አየርላንዶች መካከል ያለው ድንበር ኬላ የሌለው በመሆኑ ነው። ብሪታኒያ ስትወጣ ያ ድንበር የአውሮፓ ድንበር ሆነ። ኬላው የት ይሁን? መሬት ላይ ቢያደርጉት አንደኛው ወገን ይቆጣል፤ ባሕሩ ላይ አደረጉት፣ ሌላው ወገን ተቆጣ። በዚህ ሳቢያ ከፌብሯሪ 2022 እስከ ፌብሯሪ 2024 ሰሜን አየርላንድ ለሁለት ዓመት ሙሉ ሥልጣን ያለው የራስዋ መንግሥት ሳይኖራት ቀረች።  በለንደን ቴሌቪዥን ክርክር ላይ ይህ ነገር ስንት ደቂቃ ተነሣ? በጣት የሚቆጠር!

ቀድሞ ሊታሰብበት ይቻል ነበር። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ሰዎች ሕጉ በ2015 ሲረቀቅ «አራቱም ካልተስማሙ አንወጣም የሚል ይጨመር» ብለው ነበር። የካሜሮን መንግሥት አልተቀበለውም። አውስትራሊያ ውስጥ ሕገ መንግሥት ለማሻሻል የጠቅላላው ሕዝብ ብልጫ ብቻ አይበቃም፤ የአብዛኞቹ ክፍለ አገሮች ብልጫም ያስፈልጋል። ስዊዘርላንድም እንዲሁ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው በ1979 ስኮትላንድ የራስዋን ምክር ቤት ስትጠይቅ «ከተመዘገበው ሕዝብ 40 ከመቶው ካልደገፈ አይሆንም» የሚል መሰናክል አስቀምጠዋል፤ ስኮትላንድ 51.6 ከመቶ አዎ ብላ በዚያች መሰናክል ተጥላለች። በ2016ቱ ግን ምንም አልተቀመጠም። ይህን የሚያስታውስ ስኮትላንዳዊ ቢቆጣ ይገርማል?

በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የክልሎቹ ምክር ቤቶች ፈቃድ በሕግ አስገዳጅ አይደለም አለ። በጃንዋሪ 2020 የመውጫው ሕግ ሲመጣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤቶች ሦስቱም «አንፈቅድም» አሉ። ዌልስ እንኳ! የለንደኑ ፓርላማ አጸደቀው፤ ጃንዋሪ 31 ወጡ። ስኮትላንድ ሌላ የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ላድርግ ብትል ደግሞ ፍርድ ቤቱ በ2022 ያለ ለንደን ፈቃድ አትችይም አላት።

ለሌላው ወገንም ሚዛን እንስጥ። የአራቱም ስምምነት ያስፈልግ ቢባል ኖሮ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ያለ 440 ሺህ ሰው 17.4 ሚሊዮኑን ያግድ ነበር። ይህ ዲሞክራሲ ነው? የሮምፎርዱ ጋሼ «ድምፄን ቆጥረው ጣሉት» አይሉም? እኔ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለኝም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሚዛኑ ከጨዋታው በፊት ይታወቅ። ከተቆጠረ በኋላ ሚዛን መፈለግ ጠብ መፈለግ ነው።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39 መገንጠልን ይፈቅዳል። የብሔሩ፣ የብሔረሰቡ ወይም የሕዝቡ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ይወስናል፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፣ በአብላጫ ድምፅ ያልቃል። ከሚገነጠለው ውስጥ አንዱ ዞን «እኔ አልገነጠልም» ቢልስ? አንቀጹ ዝም ነው! በ1985 ዓ.ም. በሚያዝያ የተደረገው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ 99.8 ከመቶ አዎ ስለተባለበት የቦታ ልዩነት የሚታይበት ካርታ አልተገኘም፤ ከኤርትራውያን ውጪ ያለው ኢትዮጵያዊ ደግሞ አልተጠየቀም። እርግጥ ብሪታኒያ ስትወጣም ሃያ ሰባቱ አገሮች አልተጠየቁም። ክርክሩ በሁለቱም በኩል አለ።

ስለ ቦታ ልዩነት ካነሣንም፣ በ1997 ዓ.ም. ይህች ከተማ ከ138 የምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን ለተቃዋሚ ሰጥታ ነበር። ከዚያ የሆነውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠቅልለው ወሰዱ። እኔ እንግሊዞቹን የምቀናባቸው ስለ ጥበባቸው አይደለም፤ ጥበባቸውንማ አየነው። የምቀናው ቦስተንና ላምቤዝ በየፊናቸው ያሉት ነገር በአደባባይ ተቆጥሮ፣ ማንም ሳይሰርዘው፣ እንደ እኔ ያለ ሳሕን አጣቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊደምረው በመቻሉ ነው።

ጋሼን ሳልነግራችሁ ልተው አልፈልግም። ብሪታኒያ ወጣች፤ ለሁሉም አንድ ሕግ ይሆናል ያሉትም እውነት ሆነ። የአውሮፓውም ሰው አሁን እንደ እኛው ቪዛ ይጠይቃል። የገቢው መጠን ግን በኤፕሪል 2024 ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ አለ። የእሳቸው ባለቤት ከጭማሪው በፊት፣ ጋሼ ሁለት ሥራ ደርበው፣ ለጥቂት አምልጠው ገብተዋል። አሁን የተያዘው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሚስቱ እዚህ ሐዋሳ ናት። ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ደውዬ «ጋሼ፣ ዛሬ ቢሆን እንዴት ይመርጡ ነበር?» አልኳቸው።

«እሱን ተወውና» አሉኝ፣ «ያንን የሰሜን ድኾች የምትለውን ጽሑፍህን አርመኸዋል?»

አሁን አርሜዋለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከበስተኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።